በሞቴ የማልልበት ደብዳቤ

ካምፓላ፣ ናሙዎንጎ
ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ዛሂዳ፣

አላባረርኩሽም። ሌላ ነገር ከመጻፌ በፊት ይህን ማስተካከል አለብኝ። ወሬው ሜንጎ ከደረሰ አንቺ ያለሽበት ኪጋሊ አይደርስም ብዬ ራሴን አላታልልም።

የሰማሁት እዚያው ሜንጎ፣ ሃሩን ሱቅ ነው። ቅዳሜ ምስር ልገዛ ሄጄ፣ እሱ እንደ ልማዱ አንድ ዓይኑን ሚዛኑ ላይ፣ ሌላውን መንገዱ ላይ አድርጎ፣ «እትዬ ለተ፣ አንድ ነገር ብጠይቅዎት ይቆጡኛል?» አለኝ።

«እንደ ነገሩ ነው።»

«ዛሂዳን ከቢሮው ያስወጧት እርስዎ ነዎት አሉ። ወንበሯን ፈልገው። ሻንጣዋን በገዛ እጅዎ አስረው አውቶቡስ ላይ ጫኗት ነው የሚባለው።»

«ማን ነው የሚለው?»

«ሰው።»

«ሰው ስም የለውም?»

«እትዬ፣ እኔ ሱቅ ነው ያለኝ፤ ፖሊስ ጣቢያ የለኝም» ብሎ ሳቀ።

«እንግዲያው ጣትህን ከሚዛኑ ላይ አንሣ» ብዬው ምስሬን ይዤ ወጣሁ።

ለአንቺ ግን በዝርዝር ልመልስ። ወንበርሽን አልፈለግኩም፤ አንድ እግሩ አጭር መሆኑን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሻንጣሽንም አላሰርኩም። ያሰርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ገመዱን ፈትቼ እንደገና አጠበቅኩት፣ ምክንያቱም ያንቺ ቋጠሮ መሐል መንገድ ምባራራ ሳይደርስ የሚፈታ ነበር። አውቶቡስ ላይ የጫነው ደግሞ ረዳቱ ነው። እኔ ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለመንኩሽ። ከሩቅ ለሚያይ ሰው መለመንና ማባረር አንድ ሊመስል ይችላል። ከቅርብም ቢሆን አንዳንድ ቀን ይምታታብኛል፤ የምጽፍልሽም ለዚህ ነው።

ሥራችንን ታውቂዋለሽ፤ ግን በእሱ በኩል ካላለፍኩ ወደ ጉዳዬ መድረሻ መንገድ የለኝም። ቀጣሪ ሰው ይፈልጋል፣ አለቃችን አቶ ደሬሳ ሰውየውን ፈልጎ ያገናኛል፣ ቀጣሪው የቅጥር ደብዳቤ ጽፎ ወደ ቢሯችን ይልካል። ደብዳቤው አስቀድሞ የሚያርፈው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው። ስሙ በትክክል መጻፉን፣ ደመወዙ ቃል ከተገባው ጋር መግጠሙን፣ የሙከራውን ጊዜ፣ ፈቃዱን፣ ፊርማውንና ማኅተሙን አያለሁ። በጁን ሠላሳ አንድ ቀን ሥራ ጀምር የሚል ደብዳቤ መልሼ ልኬ አውቃለሁ። ቀጣሪው ተናዶ ደወለና፣ እንደ አገሩ አያት አድርጎኝ፣ «ጃጃ፣ አንድ ቀን ምን ያደርጋል?» ቢለኝ፣ «በሌለ ቀን ለጀመረ ሠራተኛ ደመወዙም በሌለ ቀን ነው የሚከፈለው» አልኩት። አንቺ ከማዶ ጠረጴዛ ሻርፕሽን አፍሽ ላይ አድርገሽ ስትስቂ አይቻለሁ።

ከእኔ ወደ አንቺ ይሻገራል። ለሥራ ፈላጊው በሚገባው ቋንቋ ታነቢለታለሽ፣ መልሱን ከአፉ ትቀበያለሽ፤ እኔ ደግሞ መልሱን ጽፌ ለቀጣሪው እልካለሁ። በየቀኑ እንዲህ ነበር። ከታች ያለው በያጅ ብረቱን ሲያስጮህ አንቺ ድምፅሽን ከፍ ታደርጊያለሽ፤ እሱ ሲያቆም የሰውየው ደመወዝ ለሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

እኔ የተማርኩት እጃችን በጨርቅ ተሸፍኖ ታይፕ በምንመታበት ዘመን ነው። አስተማሪያችን ሁለት ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር ካየች ወረቀቱን ከማሽኑ ላይ ትነጥቀው ነበር። ስለዚህ ቢሮ ውስጥ እሺ ማለት እሺ፣ እምቢ ማለት እምቢ ይመስለኝ ነበር። ገበታ ላይ ሌላ እንደሆነ አውቃለሁ። እንግዳ «በቃኝ» ሲል ማንም አያምነውም፤ «በሞቴ» ሳይባል የተነሣ እንግዳ ተርቦ የሄደ እንግዳ ነው። ይህ ገበታ ላይ ቀርቶ በደረጃችን ወጥቶ ቢሮ ይገባል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም። አያንቱ እስክትመጣ ድረስ።

አያንቱን ታስታውሻታለሽ፤ የጅማዋ ልጅ፣ ሒሳብ የተማረችው፣ ስታወራ ወለሉን የምታየው። የፍራሽ ፋብሪካው ረዳት ሒሳብ ሠራተኛ ሊያደርጋት ፈልጎ ሥራ አስኪያጁ ራሱ ደብዳቤውን ይዞላት መጣ። አንቺ ያን ቀን ልጅሽን ፈርሃናን ሐኪም ቤት ወስደሽ አልነበርሽም። ልጅቷ ደብዳቤውን አነበበች፣ ፊቷ በራ፣ ከዚያ አንገቷን ደፍታ በጥሩ እንግሊዝኛ፣ «ይህ ለእኔ ይበዛብኛል፤ ከእኔ የተሻለ ሰው አታጡም» አለችው። ሰውየው ተነሣ፣ ጨበጣት፣ ስለ ሐቀኝነቷ አመሰገናት፣ ደብዳቤውንም ቦርሳው ውስጥ መልሶ ሄደ። እኔም የሥራ ቅጥሩን አልተቀበለችም ብዬ ጻፍኩ።

ሐሙስ ቀን ተመልሳ መጣች።

«አልደወሉም?» አለች።

«ማን?»

«የፋብሪካው ሰዎች።»

«እምቢ ብለሻቸው እኮ ነው!»

«አዎ» አለች፣ ግራ ገብቷት። «አንድ ጊዜ።»

እኔ ሳቅኩ። አንቺ አልሳቅሽም። ሻርፕሽን አነሣሽ፣ ከታች ቦዳ ሞተር ጠራሽ፣ ልጅቷን መሐል አስቀምጠሽ ወደ ፋብሪካው ሄድሽ። ቦታው በማግስቱ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ነበር። ስትመለሱ አያንቱ እያለቀሰች ነበር፤ አንቺ ደግሞ ጭቃሽን ሳታራግፊ ፊቴ ቆመሽ፣ «እትዬ፣ ከዛሬ ጀምሮ የማንም መልስ ሦስት ጊዜ ሳይጠየቅ ከዚህ ቢሮ አይወጣም» አልሽኝ። አዘዝሽኝ ማለት ይቀላል። የወረኢሉ ሴት ስትቆጣ ምን እንደምትመስል ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ለቀጣሪዎቹ ሁሉ ጻፍኩላቸው። የፍራሽ ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ደውሎ፣ «ጃጃ፣ የእናንተ ሰዎች ስንት ጊዜ ነው የሚጠየቁት?» አለኝ።

«ሦስት ጊዜ። ከሦስተኛው በኋላ እመን።»

«እኛ ጋ ማቶኬ ሲቀርብ እንኳ የሚጠየቀው አንድ ጊዜ ነው።»

«ለዚህ ነዋ የእኛ ሰው እናንተ ቤት በልቶ ተርቦ የሚወጣው!»

ከዚያ ወዲያ ሥራው ያንቺ ሆነ። አንደኛውን ትጠይቂያለሽ፣ ሻይ ታስመጫለሽ፣ ስለ ቤተሰቡ ታወሪያለሽ፣ ሁለተኛውን ትጠይቂያለሽ። እንዴት እንደምትለዪ አንድ ቀን ነገርሽኝ። «አፋቸውን አላይም እትዬ፣ ወረቀቱን ነው የማየው» አልሽኝ። እምቢ እያለ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ከተወው እምቢታው የእውነት ነው። እምቢ እያለ ካጠፈው ግን ለምኑኝ ማለቱ ነው። እኔም ከማዶ ሆኜ ማየት ጀመርኩ፤ ተሳስተሽ አላየሁም።

አንድ ሌላ ሕግም ነበረሽ። ለሥራ ፈላጊ በሞቴ አትዪም ነበር። አቶ ደሬሳ አንድ ጊዜ ቀጣሪ አስቸኩሎት፣ «በሞቴ በዪውና ይፈርም እንጂ!» ሲልሽ፣ «በሞቴ ለጉርሻ ነው፣ ለሥራ አይሆንም» አልሽው። «እሺ ካለ በኋላ እሺታው የእሱ ይሁን የእኔ በምን ይታወቃል?»

ይህን የተናገርሽው አንቺ ነሽ። እኔ ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬ ያኔም አሁንም ደህና ነው።

የኪጋሊው ደብዳቤ የመጣው በእንዲህ ያለ ዝናባማ ወር ነው። እዚያ ሆቴል ያላት አንዲት ሴትዮ ለሆቴሏ ሠራተኞች ልትመርጥ መጥታ፣ ከመረጠቻቸው ሰዎች ይልቅ እነሱን የምታናግሪውን አንቺን ስታይ እንደዋለች አስተውዬ ነበር። አልነገርኩሽም። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ደብዳቤው እንደሌሎቹ ደብዳቤዎች ሁሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ አረፈ። የሠራተኞች ኃላፊ፣ መኖሪያ ቤት ጭምር፣ ስምሽ በትክክል ተጽፎ።

ስህተት ፈለግኩበት። ዛሂዳ፣ በሕይወቴ ደብዳቤ እንደዚያ አርሜ አላውቅም። ቀኑን አየሁ፣ ደመወዙን አየሁ፣ ማኅተሙን ወደ መስኮቱ አዙሬ አየሁ። ነጠላ ሰረዝ እንኳ ቦታዋን አልሳተችም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጸሐፊዋን በስልክ አመሰግናት ነበር።

ከዚያ ተነሥቼ ወደ አንቺ ጠረጴዛ መጣሁ። ለሌላው አንባቢዋ አንቺ ነበርሽ፤ ለአንቺ የሚያነብ ግን አልነበረም፣ ስለዚህ እኔ አነበብኩልሽ። ከታች በያጁ ሥራ ላይ ነበር፣ ድምፄን ከፍ አደረግኩ።

«አይ እትዬ» አልሽኝ፣ «የት እሄዳለሁ? ፈርሃናም ገና ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ መግባቷ ነው።»

ይህ አንደኛው ነው። ደንባችንን አከበርኩና ሻይ አስመጣሁ። ስለ ፈርሃና የመኝታ ክፍል አወራን። ሁለተኛውን ጠየቅኩሽ።

«እርስዎንስ ማን ያበላዎታል? እኔ ከሌለሁ ምሳውን ትተው በሻይ እንደሚውሉ የማላውቅ መሰለዎት?»

ይህ ሁለተኛው ነው። ይህን ስትዪ ዓይኔ ወረቀቱ ላይ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ብትተዪው አውቅ ነበር። ብታጥፊውም አውቅ ነበር። አንቺ ግን አንሥተሽ እጄ ላይ አኖርሽው፤ እጅሽንም ከላዩ ወዲያው አላነሣሽም።

ያንን ማንበብ አላስተማርሽኝም።

ቀና ብዬ ፊትሽን ማየት እችል ነበር፤ አላየሁም። ያየሁት ሌላ ነገር ነው። ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ፣ ሃሩን ሱቅ ስገባ፣ ከጀርባዬ የሚባለውን አየሁ፦ «ለተጊዮርጊስ ለራሷ ምሳ ጓደኛ ብላ የሴትዮዋን እንጀራ ዘጋች።» ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞም ቦታው ይገባሽ ነበር፤ ይህንንም አልክድም። እናም ሦስተኛውን ስጠይቅሽ እንዲህ አልኩሽ፦

«በሞቴ ሂጂ።»

በያጁ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አቆመ። አንቺ መስኮቱን አየሽ። ከዚያ፣ «እሺ እትዬ» አልሽ።

እሺታሽን ጽፌ ላክሁ። የጻፍኩት ዓረፍተ ነገር ትክክል ነበር፤ ትርጉሙ ግን አንድ ይሁን ሁለት እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠግቦ ሳለ ጉርሻ የተቀበለ ሰውም እሺ ይላል፣ ርቦት የቆየም እሺ ይላል። ይቅርታ ልጠይቅሽ አልተነሣሁም። ያደረግኩት ወጉ የሚያዘውን ነው፣ አጥፍቻለሁም አልልም። የምፈልገው ማወቅ ነው። እንዲያውም እሱን አይደለም፤ እሱን ትቼዋለሁ። ወደምፈልገው እየመጣሁ ነው።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ሦስቱን ጥያቄ የምጠይቀው እኔ ነኝ። አልሆነልኝም። እኔ ስጠይቃቸው ሁለተኛው ላይ ይደነግጡና ይፈርማሉ። ባለፈው አንዱ ላብ በላብ ሆኖ፣ «እማማ፣ ጥፋት ካለብኝ ይንገሩኝ» አለኝ። «ያቺ ሻይ የምታስመጣው ሴትዮስ?» ብለው የሚጠይቁም አሉ። ሻይማ እኔም አስመጣለሁ። ሻዩ እንዳልሆነ ይገባኛል።

ምሳ ሰዓት ከታች ያለችው ሴትዮ የሙዙን ቅጠል ከማቶኬው ድስት ላይ ስትገልጥ ሽታው በደረጃው ይወጣል። ያንቺ ሥጋ ለእኔ አይሆንም፣ የእኔም ላንቺ፤ «ሥጋ ያለያየንን ቦሎቄ አገናኘን» እያልሽ ያን ሁሉ ዓመት ማቶኬና ቦሎቄ በላን። አሁን ማንም አይከለክለኝም፣ የፈለግኩትን መብላት እችላለሁ። የማዘው ግን ያንኑ ነው። ሴትዮዋ በመጀመሪያው ሰሞን ሁለት ሳህን ታመጣ ነበር፤ ተይ አላልኳትም። ራሷ ገብቷት ተወች፤ የተወችበትን ቀን አልወደድኩላትም።

ዓርብ ዓርብ ትደውያለሽ። «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነኝ» ትያለሽ። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» እላለሁ። ሁለታችንም ምስጋናችንን ለፈጣሪ አድርሰን ስልኩን እንዘጋለን፤ ስለ እርስ በርሳችን ግን የተማርነው ነገር የለም። ያለፈው ዓመት ፋሲካ እንዳለፈ ባለው ዓርብ ግን አንድ ነገር አልሽ። «እትዬ፣ ኪጋሊ ይምጡ እንጂ። ቤቱ ሰፊ ነው፣ ከመስኮቱ ኮረብታው ይታያል» አልሽኝ።

«አይ፣ እኔ አሮጊት መጥቼ ምን ልሠራ? አስቸግርሻለሁ።»

«እሺ እንግዲህ፣ እንደተመቸዎት።»

ስልኩን ዘግቼ ቁጭ አልኩ። በሚቀጥለው ዓርብ ትደግሚዋለሽ ብዬ ጠበቅኩ። በሚቀጥለውም። ለመንገዱ ልብስ አሰፋሁ ብልሽ አታምኚኝም፤ ግማሽ ዓመት አልፎታል፣ አንድ ቀን አልለበስኩትም። አንቺ አልደገምሽውም። ምናልባት በሰው አገር ሆቴል ውስጥ ሰው አንዴ የተናገረውን ማመን ለምደሽ ይሆናል። ምናልባት አንቺም የእኔን ሁለተኛ ቃል ስትጠብቂ ይሆናል። ያኔ አያንቱ ላይ የሳቅኩት ሳቅ አፌ ውስጥ መረረኝ። አንድ ጊዜ እምቢ ብዬ ልመና ስጠብቅ የከረምኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ለዚያውም በዚህ ዕድሜዬ፣ ለዚያውም ደንቡን በማሽን ጽፌ ለቀጣሪ ሁሉ የበተንኩት እኔ።

እሁድ ፈርሃና መጣች። ከማኬሬሬ በር ላይ የተጠቀለለ ሮሌክስ ይዛልኝ፤ ቻፓቲው ቀዝቅዟል፣ እንቁላሉ ግን ጥሩ ነበር። ልጅሽ አድጋለች። ስትቀመጥ እንዳንቺ መጀመሪያ ወንበሩን ትነቀንቃለች።

«እማማ ለተ፣ የእማዬ ውል ሊያልቅ ነው» አለችኝ። «ሆቴሉ ይታደስልሽ ብሎ ደብዳቤ ሰጥቷታል። እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋሉ። አልፈረመችም።»

«ለምን?»

«‹እትዬ ለተ ምን ይሉ ይሆን› እያለች ነዋ።»

«እኔ ምን አገባኝ?»

ሮሌክሷን አስቀምጣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። «እሱን ራስዎ ይንገሯት። እሷ ‹እትዬ ምን አሉ› ትለኛለች፣ እርስዎ ‹እናትሽ ምን አለች› ይሉኛል። የሁለታችሁ ፖስታ ቤት መሆን ሰለቸኝ። ቢያንስ ቴምብር ግዙልኝ!»

«አፍሽን ያዢ» አልኳት። ግን ልክ ናት።

ሰኞ አቶ ደሬሳን ቢሮ ገብቶ ሳይቀመጥ ያዝኩት። ወንበርሽን ለሌላ ሰው ሊሰጥ ማሰቡን አውቅ ነበርና ቀጥታ ጠየቅኩት።

«ዛሂዳ የምትመለስ ከሆነ እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ» አለኝ። «ከዚያ ወዲያ ግን አልችልም እማማ፤ ሥራው ተበላሽቷል፣ እርስዎ ሰው ያስፈራሉ። ደብዳቤውን ይጻፉላትና ይላኩት። ያሳምኗትም።»

«እጽፈዋለሁ። አልልከውም፣ አላሳምንምም። አንተ ላከው፣ መልሱንም አንተ ተቀበል።»

«ለምን? ይሄን ሁሉ ዓመት የማን ሥራ ነበር?»

«በዚህኛው ባለጉዳይ ነኝ። ባለጉዳይ አገናኝ አይሆንም።»

ደሬሳ መነጽሩን አውልቆ አየኝ። ሊቀልድ አፉን ከፍቶ ነበር፣ ተወው። «እሺ» አለ፤ እሱ እንደዚያ ቀስ ብሎ እሺ ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ስለዚህ ከእሱ ዘንድ ደብዳቤ ይደርስሻል። አርሜዋለሁ፣ ስህተት የለበትም። ደመወዙ ከኪጋሊው ያንሳል፤ ያንኑ ነው የጻፍኩት፣ አላስጌጥኩትም። ቤት የለውም። ፈቃዱ ያው የቀድሞው ነው። ከሆቴሉ ደብዳቤ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጠሽ ብታነቢያቸው የሚሻለው የትኛው እንደሆነ ማንኛዋም አስተዋይ ሴት ታውቃለች። በዚያ ደብዳቤ ውስጥ ስለ እኔ አንድ ቃል የለም፤ መኖርም የለበትም።

ስለ እኔ ያለው እዚህ ነው። እንድትመጪ እፈልጋለሁ። አስተማሪያችን ብታየው ከማሽኑ አትነጥቀውም፤ አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው። ስለ ቢሮው ብዬ አይደለም፣ ስለ ሥራ ፈላጊዎቹም አይደለም። ከማዶ ያለው ቦታ ባዶ ሲሆን ቀኑ ይረዝምብኛል። የተሳሳተ ቀን ያለበት ደብዳቤ ሳገኝ ቀና የምልበት ሰው የለኝም። ሻርፕ አፉ ላይ አድርጎ የሚስቅ ሰው እፈልጋለሁ። ይህን ሁሉ ዓመት አብረን ስንቀመጥ አንድ ቀን «ደስ ይለኛል አብረሽኝ ስትሆኚ» ብዬሽ አላውቅም፤ የሚታይ ነገር መናገር ትርፍ ይመስለኝ ነበር።

ግን በሞቴ አልልሽም። ታላቅሽ ነኝ፣ ካልኩሽ እምቢ እንደማትዪኝ አውቃለሁ፤ አንድ ጊዜ አይቻለሁ። ተጭኖሽ ከምትመጪ አምሮሽ ብትቀሪ እመርጣለሁ። ሁለተኛም አልጠይቅሽም፣ ሦስተኛም። ዓርብ ስትደውዪ ስለ ዝናቡ እናወራለን። ፈርሃናንም አልክም፤ ልጅቷ ዕረፍት ያስፈልጋታል። መልስሽን ለደሬሳ ጻፊ፤ የመጀመሪያ ቃልሽን እንዳለ አምናለሁ። እቀራለሁ ካልሽ መቅረት ነው፣ እመጣለሁ ካልሽ መምጣት ነው። ወጉን የተውኩት ንቄው አይምሰልሽ። ለእንግዳ ሦስት ጊዜ መጠየቅ ክብር ነው። አንቺ ግን እንግዳዬ አይደለሽም።

አንድ መልስም አለብኝ። ያለፈው ዓመት «ኪጋሊ ይምጡ» ብለሽኝ ነበር። አስቸግርሻለሁ ያልኩት ውሸት ነው፤ እንዳንቺ ያለ ሰው በእኔ አይቸገርም። እሺ። እመጣለሁ። ዳግመኛ እንድትጠይቂኝ አልጠብቅም። የምመጣውም መልስሽን ልለውጥ እንዳይመስልሽ ከወሩ መጨረሻ በኋላ ባለው ሰኞ ነው፣ አንቺ ለደሬሳ ከጻፍሽ በኋላ። ውሉን ብትፈርሚም እመጣለሁ፣ ባትፈርሚም እመጣለሁ። የጾም ቀን ከሆነ ሽሮ ይበቃኛል፤ ካልሆነ ደግሞ እንቁላል ጥበሺልኝ። ኮረብታውን አሳዪኝ።

ነገ በመጀመሪያ፣ ቁርስ ሳልበላ፣ ፓስፖርቴ የሚያበቃበትን ቀን አያለሁ። ከዚያ ጎረቤቴ ዶሮዎቼን ለጥቂት ቀን ትይዝልኝ እንደሆነ እጠይቃታለሁ፤ እምቢ ካለች በመጀመሪያው አምናታለሁ። ዶክተሩ የጻፈልኝን የጉልበት ክኒን እገዛለሁ፣ መንገዱ ረጅም ነው። ለአቶ ደሬሳ ከረፋዱ በፊት እንደማልገባ እነግረዋለሁ፤ በዚህ ሁሉ ዓመት የመጀመሪያዬ ስለሆነ የታመምኩ እንዳይመስለው ድምፄን ጠንከር አደርጋለሁ። ከዚያ በታክሲ ወደ አውቶቡሶቹ መናኸሪያ ወርጄ፣ በአንዱ የትኬት መስኮት፣ ይህን ደብዳቤ ለነገው አውቶቡስ፣ ራሴን ለዚያ ሰኞ አስመዘግባለሁ። መስኮት አጠገብ እንዲሆን እጠይቃለሁ። የለም ካሉኝ እንደገና እጠይቃለሁ።

ለተጊዮርጊስ